ከሳጥን እስከ ምናለሽ ተራ፦ የአዲስ አበባ ቤት ዕቃ አያያዝና አሸኛኘት

በአዲስ አበባ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከቤት የሚወጣ ዕቃ ሁሉ የራሱ መውጫ ነበረው። ያጠረ የልጅ ልብስ ለታናሽ ወይም ለዘመድ ልጅ ይተላለፋል፤ የሟች ልብስ ለነፍስ አባትና ለነዳያን ይሰጣል፤ የተበሳ ድስትና ባዶ ጠርሙስ ለቆራሌው ይሸጣል፤ የማይለበስ ኮትና ያረጀ ጫማ ለልዋጭ ይወጣል። አንዱን በሌላው መንገድ መስደድ ነውር ነው። የአባቱን ካፖርት ከቆርቆሮ ጋር ቀላቅሎ የሸጠ ልጅ በሰፈሩ ስሙ በክፉ ይነሳ ነበር። የከተማዋን የአሮጌ ዕቃ ንግድ ታሪክ ከቤተሰብ ስሜት ነጥሎ መጻፍ የማይቻለው ስለዚህ ነው። ነጋዴው የሚያገኘው ባለቤቱ ልቡ የቆረጠለትን ዕቃ ብቻ ነው፤ ልብ ያልቆረጠለት ሳጥን ውስጥ ይቀራል።

የልማዱ ሥር ከከተማዋ ይቀድማል። በደጋው ገጠር የቤት ዕቃ በአብዛኛው ከአፈር፣ ከሣር፣ ከቅል፣ ከእንጨትና ከቆዳ የሚሠራ ስለነበር፣ ሲሰበርም ሲያረጅም እዚያው ግቢ ውስጥ ሌላ ሥራ ያገኛል። እንስራ ሲሰበር ትልልቁ ገል ከጎረቤት እሳት መጫሪያ፣ ዕጣን ማጨሻ ወይም ለዶሮ ውሃ ማጠጫ ይሆናል። የተሰነጠቀ ቅል በክር ይሰፋል። ጋቢ መጀመሪያ የክት ነው፤ እየታጠበ ሲሳሳ የዘወትር ይሆናል፤ ከዚያ ልስላሴው ለሕፃን ገላ ስለሚስማማ ለማቀፊያ ይቀደዳል፤ መጨረሻው የምጣድ ማሰሻ ነው። ምጣዱም ቢሆን በቀላሉ አይለወጥም። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ተሟሽቶ እንጀራ ሳይዝ እስኪያወጣ ድረስ ትዕግሥት ይጠይቃል። በደንብ የተሟሸ አሮጌ ምጣድ ከአዲሱ ይበልጣል፤ ቤት የምትለቅ ሴትም ሌላውን ዕቃ ሁሉ ለተሸካሚ ሰጥታ ምጣዷን ለሰው ማመን ይከብዳታል።

እንዲህ ባለ ቤት ለዘለቄታ የሚቀመጠው ዕቃ ጥቂት፣ ቦታውም አንድ ነው፤ ሳጥን። በሠርግ ቀን የሙሽራው ወገን የሚያቀርበው ጥሎሽ፣ ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ጫማው፣ ጃንጥላውና ጌጡ፣ በሽማግሌና በታዳሚ ፊት አንድ በአንድ እየተነሳ ከታየ በኋላ ሳጥን ይገባል። በዓመታት ውስጥ የልጆች የክርስትና ልብስ፣ የግብር ደረሰኝ፣ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ይጨመርበታል። ሳጥኑ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉን የምትይዘው የቤቱ እመቤት ናት። ከሳጥኑ የሚወጣ ልብስ የክት ነው፤ ለፋሲካ፣ ለጥምቀት፣ ለሠርግ ወጥቶ ተመልሶ ይታጠፋል። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ የሚለበስ ልብስ ለዘመኑ ሰው ሥራ ፈት ዕቃ ሊመስለው ይችላል። ለባለቤቷ ግን አለመለበሱ ራሱ አክብሮት ነበር፤ በዓሉ ከዘወትሩ ቀን የሚለይበትን ነገር ማኖር እንደ ሀብት ይቆጠራል።

ሳጥኑ ሙሉ ለሙሉ የሚፈተሸው በሞት ጊዜ ነው። በሰሜኑ ደጋ ስመ ጥር ሰው ሲሞት ልብሱ፣ ጋሻው፣ ጠመንጃውና የተጫነ ፈረሱ ወደ ለቅሶው ሜዳ ይወጡ ነበር፤ አልቃሾች በየዕቃው ላይ ሙሾ ያወርዳሉ፤ የሟቹ ዕቃ ስለ ሟቹ ይመሰክራል። በከተማ ይህን ቦታ ቀስ በቀስ በመስታወት ክፈፍ የገባ ፎቶግራፍ ወሰደው። ለቅሶው ሲያበቃ ልብሱ ይከፋፈላል። በክርስቲያኑ ቤት ጋቢና ካባው ለነፍስ አባት፣ ሌላው ለነዳያን ይሄዳል፤ በሙስሊሙም ቤት የሟች ልብስ ሰደቃ ይወጣል። ልብሱ ከቤት ሲወጣ ለሟቹ ነፍስ የሚጠቅም ሥራ ስለሚሠራ፣ ለሐዘንተኛው መለየቱን የሚችልበት ምክንያት ይሰጠዋል። ሁሉም ግን አይወጣም። የእናት ነጠላ፣ የአባት ከዘራ ወይም መቁጠሪያ ተለይቶ ይቀራል፤ የትኛው እንደሚቀር የሚወስኑት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ልጆች ናቸው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ይህ ልማድ ከነዋሪዎቿ ጋር አብሮ መጣ። ከተማዋ ግን ገጠሩ የማያውቀውን ዕቃ ወለደች። ከጂቡቲ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. መዲናዋ ከደረሰ በኋላ ቆርቆሮ፣ የላምባ ጣሳ፣ ጠርሙስ፣ የብረት በርሜልና የፋብሪካ ድስት በብዛት ይገባ ጀመር። ገል ውሎ አድሮ አፈር ይሆናል፤ የላምባ ጣሳ አይሆንም። እነዚህ ዕቃዎች ባዶ ሲሆኑ ወይም ሲበሱ ለቤቱ ጥቅማቸው ያልቃል፤ ብረታቸውና ጠርሙሳቸው ግን ለሌላ ሰው ዋጋ አለው። በአንድ ቤት የተከማቸውን ጥቂት ጣሳ ወደሚፈለግበት ቦታ የሚያደርስ ሰው ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕቃው የሚደርስበት ቦታ መልክ የያዘው በጣሊያን ወረራ ዘመን በተደረገ ለውጥ ነው። በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን የያዘው የፋሺስት አስተዳደር ኢትዮጵያውያንንና አውሮፓውያንን በመኖሪያም በገበያም ለመለየት ሲያቅድ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረውን የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው። የተነሳበት ሐሳብ ክፉ ነበር፤ ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ግን ገበያው ቀረ፣ መርካቶም ተባለ። ነጋዴው በየሸቀጡ እየተሰባሰበ ሸማ ተራ፣ ሸራ ተራ፣ ጎማ ተራ እያለ ሰፈሩን ሰየመ። ከእነዚህ መካከል አሮጌ ዕቃ የሚራገፍበት፣ የሚለይበትና የሚቀጠቀጥበት ሰፈር ምናለሽ ተራ ነው።

ዕቃውን ከየቤቱ ለቅመው ወደዚያ የሚያደርሱት ቆራሌዎች ናቸው። ጥሪያቸው «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው አጥሮ እንደ መጣ ይነገራል። ብዙዎቹ ከጉራጌና ከስልጤ ገጠር ወደ ከተማ የመጡ ወጣቶች ነበሩ። ሥራው ሱቅ አይጠይቅም፤ አንድ ማዳበሪያ፣ ጥቂት ሳንቲምና ቀኑን ሙሉ የሚሄድ እግር ካለ ይበቃል። ለአዲስ መጤ ከሊስትሮና ከሸክም ጋር ከጥቂቶቹ ክፍት በሮች አንዱ ነበር። ከተማዋን በሥራው ያወቃት ሰው ብዙ ነው፤ በየመንደሩ የትኛው ቤት ድግስ እንደ ደገሰ፣ የትኛው ቤት እንደሚፈርስ፣ ማን ሊለቅ እንደ ተሰናዳ ቆራሌው ቀድሞ ይሰማል።

ግዢው የሚካሄደው ከአጥር በር ላይ ነው። ጠዋት ጥሪው ሲሰማ የግቢው ሴት «ና!» ትላለች። ቆራሌው ማዳበሪያውን ከትከሻው አውርዶ ይቀመጣል፤ የቀረበለትን እያገላበጠ ያያል፤ ድስቱን በጣቱ ያንኳኳል፤ የጠርሙሱን አፍ በአውራ ጣቱ ዳስሶ እንዳልተሸረፈ ያረጋግጣል። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ መያዣ ስላለበት በሳጥኑ ወደ ሱቅ ይመለሳል፤ ቆራሌው የሚፈልገው የውስኪውን፣ የወይን ጠጁንና የመድኃኒቱን ነው። እነዚህ ታጥበው ማር፣ ዘይት፣ ንጥር ቅቤ፣ አረቄ ይሞላባቸዋል። ክርክሩ በሳንቲም ላይ ቢሆንም ረጅም ነው፣ የርዝመቱም ምክንያት ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሻጯ ድስቱ በማን ሠርግ እንደ ተገዛ፣ ስንት ድግስ እንዳበሰለ ትናገራለች፤ ገዢው የተበሳውን ቂጡን ያሳያል። የዕቃው ታሪክ ከተነገረ በኋላ ነው ዕቃው ማዳበሪያው ውስጥ የሚገባው።

ሥራው ጥርጣሬም አላጣውም። ልጆች ለከረሜላ ብለው ደህናውን ብረት ድስት ወይም የአባታቸውን ጫማ ሸጠው የተገረፉበት ታሪክ በየሰፈሩ አለ። ልብስ ሲጠፋ፣ የውጭ መብራት ሲነቀል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቆራሌው ነበር። ሰውነት የነካ ልብስን ለማያውቁት ሰው መስጠት ለመተት ያጋልጣል ብለው የሚፈሩ ቤቶችም ነበሩ። በጠራራ ፀሐይ ከበር በር እየዞረ ከተማዋን ያጸዳ የነበረ ሠራተኛ ለረጅም ጊዜ በሌባ ዓይን መታየቱ ፍትሕ የጎደለው ነገር ነው።

ማዳበሪያው ምናለሽ ተራ ሲራገፍ ዕቃው በዓይነቱ ይለያል፦ ጠርሙስ ለብቻ፣ ቆርቆሮ ለብቻ፣ አልሙኒየም ለብቻ፣ ጎማና ፕላስቲክ ለብቻ። የመኪና ጎማው በቢላ ተቆርጦ በረባሶ ጫማ ይሆናል። ትንሹ ጣሳ ክር ገብቶለት ኩራዝ ይሆናል። አልሙኒየሙ ቀልጦ ድስት ሆኖ ይመለሳል። የሰፈሩን ድምፅ የሚሠሩት ግን በርሜል ቀጥቃጮቹ ናቸው። የበርሜሉ ላይና ታች በመሮ ተቆርጦ ይወጣል፤ ጎኑ በስፌቱ ላይ ተቀዶ ይዘረጋል፤ መሬት ላይ በመዶሻ ተደብድቦ ይቃናል። ባለሙያው ያለቀለት ምድጃ ላይ የወሰደውን ልክ በጠመኔ ይነድፍበታል፤ ይቆርጠዋል፤ ጠርዙን በጠርዙ ላይ አጥፎ ያለ ብየዳ ያያይዘዋል። ከላይ ከሰሉ የሚያርፍበት ብዙ ቀዳዳ ያለው ወንፊት፣ ከታች አመድ ማውጫና አየር ማስገቢያ በር ይወጣለታል። የአዲስ አበባ ቡና ለብዙ ዓመታት የፈላው እንዲህ በተሠራ የከሰል ምድጃ ላይ ነው።

ከዚያው ሰፈር የሚወጣው ሌላ ዕቃ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ቆርቆሮው ተቃንቶ፣ በእንጨት ተደግፎ፣ ማጠፊያና የቁልፍ ማንጠልጠያ ተገጥሞለት፣ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም ይቀባል፤ አንዳንዱ አበባም ይሣልበታል። ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚሄድ ተማሪ፣ ወደ ጦር ሰፈር የሚገባ ወታደር፣ ሰው ቤት የምትቀጠር ልጅ የራሳቸው የሆነውን ሁሉ በእሱ ይዘው ይሄዳሉ። በተለይ ለቤት ሠራተኛዋ የእሷ ባልሆነ ቤት ውስጥ ብቸኛው የግሏ ቦታ ይህ ሳጥን ነበር። አንዱ ቤት የሰለቸው ብረት ለሌላው ሰው የክብር ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ መመለሱ ከንግዱ ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ነው።

ልብስ ሌላ መንገድ አለው። «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ የሚዞረው ነጋዴ በገንዘብ አይገዛም። በራሱ ወይም በትከሻው የተሸከመው ሳፋ በብርጭቆ፣ በሲኒ፣ በሰሃን፣ በፕላስቲክ ጎድጓዳ የተሞላ ነው፤ ያረጀ ኮት፣ ሱሪና ጫማ ተቀብሎ በምትኩ ከሳፋው ያነሳል። የተቀበለው ልብስ መርካቶ ደርሶ ይታጠባል፣ በልብስ ሰፊ ይጠገናል፣ ለቀን ሠራተኛና ለገጠር ገዢ ይሸጣል፤ ቡትቶው ጋራዥ ገብቶ ሞተር ይጠረግበታል። ለልብስ ብር ሳይሆን ዕቃ መሰጠቱ በስሜት በኩል ጥሩ መላ ይመስላል። ባሏ የለበሰውን ኮት በሁለት ብር የሸጠች ሴት እንደ ደኸየች ትታያለች፤ በስድስት ብርጭቆ የለወጠች ግን ቤቷን እንዳሟላች ይቆጠርላታል። ብርጭቆዎቹ ቡና ሲጠጣባቸው ከማን ኮት እንደ መጡ ይወሳል።

በከተማው ቤት ዕቃ እንዳይበዛ ካደረጉት ነገሮች ትልቁ ዕድር ነው፣ ምንም እንኳ ዕድርን በዚህ ረገድ የሚያነሳው ሰው ጥቂት ቢሆንም። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት በከተማው ብቅ ያለውና በወረራው ዘመንና ከዚያ በኋላ የተስፋፋው ይህ የቀብር መረዳጃ ማኅበር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ድስት፣ ሰሃንና ብርጭቆ በጋራ ገዝቶ ያስቀምጣል። በዓመት አንዴ የሚያስፈልግ የመቶ ሰው ዕቃ በየቤቱ መከማቸቱ ቀርቶ በአንድ መጋዘን፣ በአንድ ንብረት ያዥ መዝገብ ሥር ዋለ። የተሰበረው ተቆጥሮ ይተካል። ጠባብ ቤት ያለው ሰው ትልቅ ድግስ መደገስ የቻለው በዚህ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ከአንድ በላይ ቤት የነበራቸው ቤተሰቦች የብዙ ክፍል ዕቃ በጥቂት ክፍል ማሳደር ግድ ሆነባቸው። የዚያ ዘመን የመሃል ከተማ ቤት ምስል ብዙ ሰው ያስታውሰዋል፦ በመስታወት የተዘጋ ቡፌ፣ ውስጡ ለእንግዳ ካልሆነ የማይነካ ሲኒና ብርጭቆ፣ በራዲዮና በቴሌቪዥን ላይ የተነጠፈ ዳንቴል፣ ከቁም ሳጥን በላይ የተደረደረ ሻንጣ፣ ከአልጋ ሥር የተገፋ ሳጥን። የውጭ ዕቃ በጠፋበት፣ ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በራሽን በሚገዛበት ጊዜ ማንም ለነገ ይሆናል ያለውን አይጥልም። ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ የበርበሬ ዕቃ ሆነ፤ የተበሳ ጀሪካን ተጣብቆ ውሃ ቀዳ። ዛሬ ብዙ ልጆች የወላጆቻቸውን ቤት ሲከፍቱ የሚያገኙት የተጠራቀመ ጣሳና ላስቲክ የዚያ ዘመን ጥንቃቄ ነው፤ እንደ ልክስክስነት ማየት ስሕተት ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ንግዱ ሲከፈት ርካሽ የፕላስቲክና የመስታወት ዕቃ ገበያውን አጥለቀለቀው። የቆራሌው ማዳበሪያ ይዘትም ተለወጠ። ሰው በተለምዶ ሃይላንድ የሚለው የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከሁሉ በዛ፤ ጀሪካን፣ የተሰበረ ሳፋ፣ የባትሪ ቅርፊት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተጨመረ። ቁርጥራጭ ብረት ደግሞ ቀልጦ የአርማታ ብረት ለሚያወጡ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ ሆነ፤ በዓይን ይገመት የነበረውም በሚዛን መሸጥ ጀመረ። የሚመዘን ዕቃ ታሪክ አያስፈልገውም፤ የበሩ ላይ ንግግርም በዚያው ልክ አጠረ።

ከሁሉ የበለጠ ዕቃን ያሰናበተው ግን የቤት ለውጥ ነው። ከ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ በብዛት የተገነባው ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታ ክፍሎች ይዞ መጣ፤ በልደታና በሌሎች አሮጌ ሰፈሮች የቀበሌ ቤቶች ፈረሱ። ሙቀጫና ዘነዘና፣ የጠላ ጋን፣ የማገዶ ምጣድ፣ በግድግዳ ዙሪያ የተሰቀለ ስፌት፣ ያ ትልቅ ቡፌ፣ ለአራተኛ ፎቅ ደረጃም ለክፍሉም አይበቁም። በየሳይቱ ለእርድና ለእንጀራ መጋገሪያ ተብለው የተሠሩት የጋራ ሕንፃዎች ይህን ችግር በከፊል ቢያስቡትም ለሳጥን ቦታ አላሰቡም። ብዙ እናቶች ዕቃቸውን ለመለየት ያገኙት ጊዜ አጭር ነበር። በሞት ጊዜ በሐዘንተኛው ፍጥነት ይደረግ የነበረው መለየት፣ እዚህ ቀኑን ሌላ ሰው ቆርጦለት ተደረገ። ማፍረሻው በደረሰበት ሰፈር ቆራሌውና የበርና የመስኮት ገዢው ቀድመው ይታያሉ፤ ዋጋ የሚቆርጡትም እነሱ ናቸው፤ ሻጩ መጠበቅ አይችልምና።

መሶብ ለእህት፣ ጋን ገጠር ላሉ ዘመዶች፣ ሙቀጫ ለማንም ተሰጠ። ሳጥኑ ብዙ ጊዜ ተከትሎ ሄዷል። ፎቅ ቤቶችን ሲጎበኝ ሰው በረንዳ ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ የሚያየው ነገር ምን እንደ ሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም።

በአዲሱ ሰፈር የቆራሌው ድምፅ አራተኛ ፎቅ አይደርስም፤ በብዙ ግቢዎችም ጥበቃው አያስገባውም። በሩ ላይ የማይሸጠው ዕቃ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ተደባልቆ ወደ ገንዳ ይገባል። ከዚያ መድረሻው ለብዙ ዓመታት ቆሼ የተባለው የቆሻሻ መጣያ ነበር። ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋን ቆሻሻ የተሸከመው ይህ ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከክምሩ ሥር ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ፤ በአካባቢው ከቆሻሻው ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ የሚተዳደሩ ሰዎችም ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ ነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ እዚያው አጠገብ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ።

ቆራሌውና ልዋጩ ዛሬም አሉ፤ በአሮጌዎቹ ሰፈሮች ጠዋት ጠዋት ይሰማሉ። ከቤት የሚወጣን ብረት፣ ጠርሙስና ፕላስቲክ ወደ ምናለሽ ተራ የሚመልሱት አሁንም እነሱ ናቸው፤ የፎቅ ቤት ማኅበራትም በሳምንት አንድ ቀን በራቸውን ቢከፍቱላቸው ለከተማዋም ለነዋሪውም የሚበጅ ሥራ ይሆናል።